ሾፌሩ የጠፋበት ኮምፒዩተር



በዚህ ኅትመት ላይ ከኢንጂነሪንግ ተማሪ ብዙውን ጊዜ የሚጠበቀው ስለ ፈተና ዝግጅትና ስለ ጊዜ አጠቃቀም ምክር ነው። እኔ ዛሬ የምጽፈው የሃርድ ዲስክ መቆጣጠሪያ ድራይቨር ስለሚባል አንድ ትንሽ ፋይል ነው። ርዕሱ ደረቅ እንደሚመስል አውቃለሁ። ግን በዚህ ፋይል ምክንያት ሐረር ጀጎል ውስጥ ያለ አንድ መድረሳ የሟች መምህሩን ድምፅ ሊያጣ ትንሽ ቀርቶት ነበር። እኛም ጋ በየዶርማችን፣ በየመስጂዱ ቢሮና በየቤተሰባችን ተመሳሳይ ማሽኖች ስላሉ ነገሩ ብዙዎቻችንን ይመለከታል።

መድረሳው በስጦታ ያገኘው አንድ ዴስክቶፕ አለው። ዊንዶውስ ኤክስፒ ተጭኖበታል፤ የፈቃድ ተለጣፊው እስካሁን ሳጥኑ ላይ አለ። ከኢንተርኔት ጋር አይገናኝም። የተማሪዎች መዝገብ በድሮው ቪዥዋል ግዕዝ ተጽፎ የተቀመጠው እዚያ ላይ ነው፤ ፋይሉን ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ብትከፍቱት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ዝርግፍ ብቻ ነው የሚታየው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ አኼራ የሄዱት ትልቁ ከቢር፣ ረሒመሁላህ፣ በጌይ ሲናን የሰጡት የተፍሲር ትምህርት በድምፅ ተቀርጾ እዚያው ይገኛል። (ከሐረር ውጭ ለሆናችሁ፦ ከቢር የቁርኣንና የኪታብ መምህር ማለት ነው። ጌይ ሲናን ደግሞ የከተማዋ ቋንቋ ሐረሪ ነው።) የቀረጻው ቅጂ አንድ ብቻ ነበር።

ባለፈው ክረምት መብራት ለሁለት ቀን ሄዶ ሲመለስ ኮምፒዩተሩ አልነሳ አለ። የኤክስፒ አርማ ብቅ ይላል፣ ከሥሩ ያለችው መስመር ሁለት ሦስት ጊዜ ትሮጣለች፣ ሰማያዊ ገጽ ብልጭ ይላል፣ ከዚያ ማሽኑ ራሱን አጥፍቶ እንደገና ይጀምራል። ከግንቡ ውጭ ያለ አንድ ጥገና ቤት ተወሰደ። የተሰጠው መልስ "ሃርድ ዲስኩ ተቃጥሏል፤ ፎርማት ተደርጎ አዲስ ዊንዶውስ ይጫናል" የሚል ነበር። ልብ በሉ፣ ዲስኩ በእርግጥ ተቃጥሎ ከሆነ ፎርማት ምንም አይሠራለትም። ካልተቃጠለ ደግሞ ፎርማት ማድረግ ያለውን ማጥፋት ነው። በሁለቱም መንገድ መልሱ አያስኬድም። ነገር ግን ይህ መልስ በአገራችን ስንት ቤተሰብ የሠርግ ፎቶና ስንት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ እንዳስጠፋ አላህ ነው የሚያውቀው።

አሁን መድረሳውን የሚያስተምሩት ከቢር ማሽኑን መልሰው አመጡትና አስጠሩኝ። ሳጥኑን ነደባው ላይ አስቀምጠው "ልጄ፣ እውነት ተቃጥሏል?" አሉኝ። "ከቢር፣ አልተቃጠለም" አልኳቸው። "እንዴት አወቅህ? ገና አልከፈትከውም።" "አርማው ይታያል አሉኝ። ታዲያ ያ አርማ የሚመጣው ከዲስኩ ነው።"

ይህን ትንሽ ላብራራ፤ የጉዳዩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነውና። ኮምፒዩተር ሲበራ መጀመሪያ የሚነቃው ማዘርቦርዱ ላይ ባለ ቺፕ የተጻፈው ባዮስ ነው። ባዮስ ዲስኩን በራሱ ቀላል መንገድ ማንበብ ይችላል። በዚያ መንገድ የዊንዶውስን የመጀመሪያ ክፍሎች እያነበበ ወደ ሜሞሪ ያስገባል። እነዚያ ክፍሎች ሥራ ሲጀምሩ ባዮስን አሰናብተው ዲስኩን በራሳቸው ድራይቨር ለመያዝ ይሞክራሉ። ችግር የሚፈጠረው በዚህች የርክክብ ቅጽበት ነው። ዊንዶውስ ከመቆጣጠሪያው ጋር የሚነጋገርበት ትክክለኛ ድራይቨር በእጁ ከሌለ፣ እስካሁን ሲነበብ የነበረው ዲስክ በድንገት ከፊቱ ይሰወርበታል። ድራይቨሩን ከዲስኩ ላይ ልፈልግ ቢል እንኳ ዲስኩን ለማንበብ ያው ድራይቨር ያስፈልገዋል። ቁልፉ ውስጥ ተቀምጦ በሩ እንደተዘጋበት ሰው ይሆናል። ስለዚህ አርማው ታይቶ ከዚያ ሰማያዊ ገጽ ከመጣ፣ ዲስኩ ቢያንስ እስከ ርክክቡ ድረስ ተነቧል ማለት ነው።

ሰማያዊው ገጽ ብልጭ ብሎ ስለሚጠፋ ማንም አያነበውም። ኮምፒዩተሩ ሲነሳ ኤፍ8ን ደጋግማችሁ ብትጫኑ፣ ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ ስህተት ሲፈጠር በራሱ እንዳይነሳ የሚያደርግ ምርጫ አለ። እሱን ስንመርጥ ገጹ ቆመልን። ከረጅሙ የዜሮ ሰልፍ በኋላ መጨረሻው 7ቢ የሆነ ቁጥር ነበር። 7ቢ ዊንዶውስ "የተነሳሁበትን ዲስክ ልደርስበት አልቻልኩም" የሚልበት ቁጥር ነው። ዲስኩ ሲበላሽም ሊመጣ ይችላል፤ በደህና ዲስክ ላይ ሲመጣ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው የመቆጣጠሪያው ድራይቨር ነው።

ከቢር ድራይቨር የሚለውን ቃል ሲሰሙ ሳቁ። "ሾፌር ነው የጠፋበት በለኛ!" አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በመድረሳው ልጆች ዘንድ የኮምፒዩተሩ ስም "ሾፌር የጠፋበት" ሆኖ ቀረ።

ታዲያ ትናንት የነበረ ሾፌር ዛሬ የት ሄደ? ወደ ባዮስ ስንገባ ቀኑ ከአሥር ዓመት በላይ ወደ ኋላ ተመልሶ አገኘነው። ይህ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታክል ባትሪ፣ ሲአር2032 የምትባለው፣ እንዳለቀች ምልክት ነው። መብራት እስካለ ድረስ ማለቋ አይታወቅም። መብራት ለረጅም ጊዜ ሲጠፋ ግን ባዮሱ የተነገረውን ሁሉ ረስቶ ከፋብሪካ ሲወጣ ወደነበረበት ይመለሳል። ከረሳቸው ነገሮች አንዱ የዲስክ መቆጣጠሪያው የሚሠራበት ስልት ነበር።

የዚያ ዘመን የሳታ መቆጣጠሪያ በሁለትና በሦስት ስልት መሥራት ይችላል። አንደኛው የድሮውን አይዲኢ አስመስሎ መሥራት ነው፤ ይህን ኤክስፒ ያውቀዋል። ሁለተኛው ኤኤችሲአይ የሚባለው አዲሱ ስልት ነው፤ ይህን ኤክስፒ አያውቀውም፣ ሊያውቀውም አይችልም ነበር። ኤክስፒ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2001 ሲሆን፣ የኤኤችሲአይ የመጀመሪያው የተሟላ መስፈርት የወጣው በ2004 ነው። በ2008 የወጣው ሦስተኛው ሰርቪስ ፓክ እንኳ ይህን ድራይቨር አልጨመረለትም። ድራይቨሩን ከራሱ ጋር ይዞ የመጣው ቪስታ ነው። ማሽኑ ላይ ኤክስፒን የጫነው ሰው፣ ማን እንደሆነ ማንም አያስታውሰውም፣ ይህን አውቆ ባዮሱን ወደ አሮጌው ስልት ቀይሮ ነበር። ባትሪዋ ስታልቅ ባዮሱ ወደ ኤኤችሲአይ ተመለሰ። ዲስኩ ደህና ነው፣ ዊንዶውሱ ደህና ነው፤ የተቀየረው በመካከላቸው ያለው ቋንቋ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያስቆጨኛል። ያ ሰው በሳጥኑ ላይ "ባዮሱ በአይዲኢ ስልት ነው" ብሎ አንዲት መስመር ቢጽፍ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ጀጎል የመጻሕፍት ከተማ ናት። በእጅ የተገለበጡና በቆዳ የተደጎሱ ኪታቦችን ለማየት የአብዱላሂ ሸሪፍን ሙዚየም መጎብኘት ይበቃል። እንዲህ ያለ ኪታብ የገለበጠ ሰው ብዙ ጊዜ መጨረሻው ላይ ስሙንና የጨረሰበትን ቀን ይጽፋል። በየገጹ ግርጌ ደግሞ የሚቀጥለው ገጽ የመጀመሪያ ቃል ይቀመጣል፤ ቅጠሎቹ ቢበታተኑ ቅደም ተከተሉ እንዳይጠፋ ነው። እኛ ኮምፒዩተር የምንነካ ሰዎች ይህን አዳብ ገና አልለመድነውም።

ባዮሱን ወደ አይዲኢ መልሼ ማሽኑን ማስነሳት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር። ግን አላስነሳሁትም። አማና ነውና መጀመሪያ ማዳን ይቀድማል። ፍላሽ ላይ የተዘጋጀ ኡቡንቱ ነበረኝ። ሊኑክስ የኤኤችሲአይን ድራይቨር ከርነሉ ውስጥ ይዞ ስለሚመጣ ማሽኑ በየትኛውም ስልት ላይ ቢሆን ዲስኩን ያያል። ዲስኩ ላይ ምንም እንዳይጻፍ ለንባብ ብቻ አድርጌ ከፈትኩት፤ የከቢሩን ቀረጻዎችና መዝገቡን በሙሉ ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ገለበጥኩ። ቅጂው ሲያልቅ የእያንዳንዱን ፋይል ኤስኤችኤ 256 የሚባለውን አሻራ በሁለቱም በኩል አሰልቼ አነጻጸርኩ። አንድ ቢት ብትለወጥ አሻራው በሙሉ ይለወጣል። መድረሳ የተማራችሁ ሙቃበላ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ የተገለበጠውን ከዋናው ጋር ቃል በቃል እያነበቡ ማስተያየት ነው። አሻራ ማነጻጸር ያው ሙቃበላ ነው፤ ልዩነቱ ማሽኑ ሳይሰለች ማድረጉ ነው።

አንዱን ቀረጻ በስልኬ ከፍቼ አሰማኋቸው። ከቢር ለረጅም ጊዜ አልተናገሩም። መምህራቸው ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ስልቱን መልሰን ማሽኑ ተነሳ፤ ባትሪዋም ተቀየረች። ዋጋዋ ከአንድ ምሳ አይበልጥም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። እኔን ያሳሰበኝ ግን ባትሪዋ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንደገና ማለቋ አይቀርም፤ ያኔ እኔ እዚያ አልኖርም፣ "ፎርማት" የሚለው ጥገና ቤት ግን ይኖራል። ኤክስፒው ሁለቱንም ቋንቋ እንዲያውቅ ቢደረግ ባዮሱ ቢረሳም ማሽኑ ይነሳል። ስለዚህ ድራይቨሩን ፍለጋ ገባሁ።

ድራይቨር ሲፈለግ በሳጥኑ ላይ ባለው የኩባንያ ስም መፈለግ ያደናግራል፤ አንድ ኩባንያ በአንድ የሞዴል ስም የተለያዩ ቺፖችን ሊሸጥ ይችላል። የሚፈለገው በቁጥር ነው። በፒሲአይ መስመር ላይ ያለ እያንዳንዱ ክፍል ሁለት ቁጥር ይናገራል፤ አንዱ የሠሪው፣ ሌላው የዕቃው። የኢንቴል ቁጥር 8086 ነው፤ በ1978 ባወጣው ታዋቂ ፕሮሰሰር ስም ማለት ነው። (ኢንጂነሮችም ቀልድ ያውቃሉ።) የዕቃው ቁጥር በኡቡንቱ ትዕዛዝ መስጫ ላይ በአንድ መስመር ይወጣል፤ በዊንዶውስ ደግሞ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ የክፍሉ ዝርዝር ላይ አለ። የእኛው 2922 ሆነ፤ የኢንቴል አይሲኤች9 ቤተሰብ መቆጣጠሪያ በኤኤችሲአይ ስልት ማለት ነው። ባዮሱን ወደ አይዲኢ ስትመልሱት ያው ቺፕ 2920 ነኝ ይላል፤ በሬይድ ስልት ሲሆን ደግሞ 2822። አንድ ቺፕ፣ ሦስት ስም። ዊንዶውስ ሾፌር የሚመድበው በስሙ ስለሆነ 2920ን የሚያውቅ ኤክስፒ 2922ን ሲያይ እንግዳ ሰው ያየ ያህል ነው።

ቁጥሩን ከያዝኩ በኋላ ፍለጋው ለምን እንደሚያስቸግር ገባኝ። በኢንተርኔት ላይ "ድራይቨር በነፃ" የሚሉ ገጾች ሞልተዋል። ብዙዎቹ የሚሰጡት "አውራጅ" የሚባል ፕሮግራም ነው፤ ከፍታችሁ ስትጭኑት ማስታወቂያና ሌላ የማታውቁት ነገር ይዞ ይገባል። መደብሮች ውስጥ የሚዞሩት የድራይቨር ሲዲዎችም ከየት እንደመጡ አይታወቅም። የሐዲስ ትምህርት ላይ መጀመሪያ የለመድነው ጥያቄ ከማን ሰማህ፣ እሱስ ከማን የሚል ነው። አንድ ድራይቨር በዊንዶውስ ውስጥ ከሁሉም በላይ ሥልጣን ባለው ቦታ፣ በከርነሉ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ሰንሰለቱ የማይታወቅ ፋይልን እዚያ ማስገባት፣ ለማያውቁት ሰው የቤትን ቁልፍ ከማስረከብ አይለይም። የሠሪው ዲጂታል ፊርማ ያለው፣ አሻራውም ሌላ ቦታ ከተጠቀሰው ጋር የሚገጥም ፋይል ብቻ ነው የምወስደው።

የአምራቹ ገጽ የቆየውን ሞዴል አንስቶታል። በመጨረሻ የተገኘው ከማይጠበቅ ቦታ ነው። አንድ የሰፈራችን ሰው ተመሳሳይ ኮምፒዩተር ሲገዛ አብሮ የመጣውን ሲዲ ከነካርቶኑ አስቀምጦት ነበር። በውስጡ የኢንቴል ማትሪክስ ስቶሬጅ ማኔጀር ነበረ። ድራይቨሩ የእናንተን ቺፕ ያውቅ እንደሆነ ለማረጋገጥ መጫን አያስፈልግም፤ አይኤንኤፍ የሚል ቅጥያ ያለው ፋይል ተራ ጽሑፍ ስለሆነ በኖትፓድ ከፍታችሁ ቁጥራችሁን ፈልጉ። ከፈትኩት፣ 2922 ብዬ ፈለግሁ፣ ተቀምጧል።

ለተጫነ ኤክስፒ የሚደረገው እንዲህ ነው። ማሽኑን በአይዲኢ ስልት አስነስታችሁ ሁለት ነገር ታደርጋላችሁ። መጀመሪያ የድራይቨሩን ፋይል፣ ስሙ አያስቶር ነው፣ ሌሎቹ ድራይቨሮች ከሚቀመጡበት የሲስተም32 ማህደር ውስጥ መገልበጥ። ቀጥሎ ሬጅስትሪው ላይ ሁለት ቦታ መጻፍ፦ አንዱ አያስቶር ከመጀመሪያው ቅጽበት አብሮ እንዲነሳ የሚያዝ፤ ሌላው፣ ለመነሳት የግድ የሆኑ ክፍሎች በሚመዘገቡበት ዝርዝር ላይ፣ "8086 እና 2922 የሚል ቁጥር ካየህ አያስቶርን ጥራ" የሚል ነው። ሬጅስትሪውን ሳትነኩ በፊት ቅጂውን አውጡ። የድሮውን የአይዲኢ ሾፌር አታስወግዱት፤ ሁለቱም ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ከዚያ አጥፍቼ፣ ባዮሱን ወደ ኤኤችሲአይ ቀይሬ፣ ቢስሚላህ ብዬ አስነሳሁት። አርማው መጣ፣ መስመሯ ሮጠች፣ ዴስክቶፑ ተከፈተ። ወደ አይዲኢ መለስኩት፤ አሁንም ተነሳ።

ኤክስፒን ከአዲስ ለምትጭኑ ሰዎች መንገዱ ሌላ ነው። መጫኛው መጀመሪያ ላይ ኤፍ6ን ተጫኑ ይልና ድራይቨሩን የሚጠይቃችሁ ከፍሎፒ ዲስክ ነው። ዛሬ ፍሎፒ የት ይገኛል? ስለዚህ ኤንላይት በሚባል ፕሮግራም ድራይቨሩን ከመጫኛ ሲዲው ጋር ቀድሞ ማዋሃድ ይሻላል። ኤክስፒ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2014 ወዲህ የደህንነት ማሻሻያ እንደማያገኝም አትርሱ፤ ከኢንተርኔት ጋር ለሚገናኝ ማሽን አልመክረውም።

ሐረር የመጣ እንግዳ መንገድ ላይ የሚገርመው አንዱ ነገር ፔጆ 404 ታክሲ ነው። በፈረንሳይ መመረት የጀመረው በ1960 ሲሆን ዛሬም ሰው ጭኖ ዳገት ይወጣል። ክፍል ሲጠፋ በቶርኖ ይቀረጻል። የመኪና ግርግር ልብስ ሰፊዎችም በአሮጌ የስፌት መኪናዎቻቸው እንጀራቸውን የሚበሉት በዚሁ ዓይነት ብልሃት ነው። ድራይቨር ግን በቶርኖ አይቀረጽም። ከቁጥሩ ጋር በትክክል የሚገጥመው ፋይል ከጠፋ፣ የቀረበ የሚመስል ሌላ አይተካውም። በሌላ በኩል የፔጆ ፒስተን አንድ ለአንድ መኪና ነው፤ አንድ ድራይቨር ግን ሺህ ጊዜ ቢገለበጥ አያልቅም። ኪታብ ገልባጭ ወራት የሚፈጅበትን እኛ በሦስት ሰከንድ እንጨርሰዋለን፤ ይህም ሆኖ የምናስቀምጥ ጥቂቶች ነን።

ለመድረሳው ሳጥን ውስጠኛ ክፍል ላይ ወረቀት ለጥፌያለሁ። የመቆጣጠሪያው ቁጥር፣ ሁለቱም ስልቶች እንደሚሠሩ፣ ባትሪዋ የተቀየረችበት ቀን፣ ድራይቨሩ ከየት እንደተገኘና አሻራው ተጽፎበታል። ቀረጻዎቹ አሁን በሦስት ቦታ አሉ።

በጀማዓችን ቢሮ "ድራይቨር" የሚል ጽሑፍ ያለበት ፍላሽ አስቀምጫለሁ። እስካሁን ያለበት ከላይ የጠቀስኩት የኢንቴል ድራይቨር ነው። ቤታችሁ ኮምፒዩተር ሲገዛ አብሮ የመጣ ሲዲ ካለ፣ ከመጣሉ በፊት አምጡትና እንገልብጠው። በአሁኑ ሰዓት የምንፈልገው አንድ አለ፤ የአንድ ተማሪ አባት ሱቅ ውስጥ ያለ ማሽን ነው። የሠሪው ቁጥር 1002፣ የዕቃው 4391፤ ኤኤምዲ በ2006 ከገዛው ከኤቲአይ የመጣ መቆጣጠሪያ ነው። የሚፈለገው ለ32 ቢት ኤክስፒ የሚሆነው ነው። ያለው ሰው ከዙሁር ሶላት በኋላ ቢሮ ያገኘኛል ኢንሻአላህ።